«ጊት ፌች» ሲገመገም፦ መብራትና ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሥራ ምን ያህል ይመቻል?

ይህ ግምገማ ጊት የተባለውን የስሪት መቆጣጠሪያ (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ ሶፍትዌር) በሙሉ አይመለከትም። የሚያተኩረው ከትእዛዞቹ በአንዱ ላይ፣ ይኸውም ሌሎች ሰዎች በሩቅ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ ፋይሎችና ታሪካቸው በሚቀመጡበት ማኅደር) ላይ ያስቀመጧቸውን ለውጦች ወደ ራሳችን ኮምፒውተር በሚያወርደው «ጊት ፌች» ላይ ነው። አንድን ትእዛዝ ለይቶ መገምገም ለአንዳንድ አንባቢ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው የሥራ ቀኑ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው በአብዛኛው በዚህ ትእዛዝ ዙሪያ ስለሆነ፣ ራሱን የቻለ ግምገማ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ፌች ከጊት ትእዛዞች ሁሉ አብልጬ የምተማመንበት ነው፤ ሆኖም የተቋረጠን ማውረድ ካቆመበት መቀጠል አለመቻሉ እንደ እኛ ላለ ተጠቃሚ ከባድ ጉድለት ነው።

የምንሠራው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ቢሮ ሲሆን፣ ዋናው ሥራችን ለመድኃኒት መደብሮች የሚሆን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው። ከመካከላችን ገሚሶቹ ከቢሮ፣ ሌሎቹ ከቆጪና ከጅሬን ከየቤታቸው ይሠራሉ፤ አንድ ባልደረባችን ደግሞ ኑሮው አዲስ አበባ ነው። ኮዱ የሚቀመጠው ጊትሃብ በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት መብራትም ኢንተርኔትም የሚያገኝበት ቀን ስለማይበዛ፣ የአንዱ ሥራ ለሌላው የሚደርሰው እየተጠራቀመ ነው፤ ስለዚህ የተጠራቀመውን በምን ዓይነት መንገድ እንደምንቀበል መወሰን ለእኛ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀምር ዓላማው የሊኑክስን ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) የሚሠሩ፣ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ሰዎች እርስ በርስ ሥራ እንዲለዋወጡ ማስቻል ነበር፤ በዚያው ዓመት ኃላፊነቱን የተረከበው ጁንዮ ሃማኖም መርሁን ሳይለቅ እስከ ዛሬ ይዞት ቆይቷል። መርሁ እያንዳንዱ ሠራተኛ የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ በራሱ ማሽን ላይ እንዲይዝ ነው። ከዚህ የተነሣ ከጊት ብዛት ያላቸው ትእዛዞች መካከል ኢንተርኔት የሚፈልጉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኮሚት ማድረግ (ለውጥን በታሪኩ ላይ መመዝገብ)፣ ታሪክ ማንበብ፣ ብራንች (ተነጥሎ የሚሄድ የሥራ ቅርንጫፍ) መክፈት፣ ሁለት ሥራዎችን ማነጻጸርና መርጅ ማድረግ (ማዋሐድ) ሁሉም ያለ መስመር ይሠራሉ። ፌች ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው።

ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ትእዛዙ ሲሰጥ ጊት ሰርቨሩን ያነጋግራል፤ በእኛ ዘንድ የሌሉትን ኮሚቶችና የፋይል ይዘቶች ያወርዳል፤ ከዚያም የሰርቨሩ ብራንቾች አሁን የት እንደደረሱ «ኦሪጂን/ሜይን» በመሳሰሉ ስሞች ይመዘግባል። በዚህ ያበቃል። የራሳችን ብራንች አይነካም፤ ከፍተን የምንጽፍበት ፋይል አይለወጥም፤ ገና ኮሚት ያላደረግነው ግማሽ ሥራ ቢኖርም ፌች አይደናቀፍም። ሶፍትዌራችን የሚያገለግላቸው መደብሮች ከአከፋፋይ የመጣን ካርቶን በቀጥታ መደርደሪያ ላይ አያወጡም፤ መጀመሪያ ከደረሰኙ ጋር ያመሳክራሉ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ያስገባሉ። ፌች የመረከቡን ድርሻ ይሠራል፣ መርጅ ደግሞ የማስገባቱን፤ የሁለቱ መለየት የዚህ ትእዛዝ ዋና ዋጋው ነው።

ፌች ሲጨርስ የሚያሳየው መልእክት አጭር ቢሆንም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በመስመሩ ላይ የቀድሞውና የአዲሱ ኮሚት መለያዎች በሁለት ነጥቦች ተለያይተው ይታያሉ፤ ቀጥሎ በሰርቨሩ ላይ ያለው የብራንች ስም፣ ከዚያ ቀስት፣ ከቀስቱ በኋላ ደግሞ በእኛ ማሽን ላይ የተመዘገበበት ስም ይመጣል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ምልክት ከሌለ ብራንቹ በቀድሞው ታሪክ ላይ እየጨመረ ሄዷል ማለት ነው። የኮከብ ምልክት ካለ አዲስ ብራንች ወይም አዲስ ታግ (ለአንድ ኮሚት የተሰጠ መለያ ስም) መጥቷል። የመደመር ምልክት ካለና ሁለቱ ነጥቦች ሦስት ከሆኑ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ አንድ ሰው የብራንቹን ታሪክ አስገድዶ እንደቀየረ፣ ከዚህ በፊት ያየናቸው ኮሚቶችም ከሰርቨሩ ብራንች ላይ ሊጠፉ እንደሚችሉ ያመለክታል። ያ ምልክት ሲታይ ማንኛውንም መርጅ ከማድረግ በፊት ለባልደረባ ስልክ መደወል በቢሯችን የተለመደ አሠራር ነው። ፑልን፣ ማለትም አውርዶ ወዲያው የሚያዋሕደውን ትእዛዝ፣ ብቻ የሚጠቀም ሰው ይህን መስመር አያየውም ማለት አይደለም፤ ይታየዋል፣ ነገር ግን ባየበት ቅጽበት መቀላቀሉ አብሮ ተጀምሯል።

ለብዙ ጀማሪ ፌችና ፑል አንድ ይመስሉታል። «ጊት ፑል» በመጀመሪያ ፌችን ይሠራል፤ ወዲያውም መርጅ ወይም እንደ አደራረጉ ሪቤዝ (የራሳችንን ኮሚቶች በወረደው ላይ እንደገና መደርደር) ያስከትላል። ለብቻው ለሚሠራ፣ ሁለተኛ ማሽኑን ማስተካከል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ፑል በቂ ነው። በቡድን ሥራ ግን ገና ያላነበብነውን ኮድ ከራሳችን ጋር ማደባለቅ ነው። ቀደም ሲል ፑል ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ሲያገኛቸው ሳይጠይቅ መርጅ ያደርግ ነበር፤ በ2020 የወጣው ስሪት ማስጠንቀቅ ጀመረ፣ ከ2021 ወዲህ ያሉት ደግሞ ተጠቃሚው ምርጫውን አስቀድሞ ካልገለጸ ሥራውን አቁመው ይጠይቃሉ። ይህ ትክክለኛ ማሻሻያ ነው፤ ዘግይቶ መምጣቱ ብቻ ያሳዝናል። ሜርኩሪያል ከተባለው ሌላ መቆጣጠሪያ ለሚመጡ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በዚያ «ፑል» የሚባለው ማውረድን ብቻ የሚሠራው ትእዛዝ ስለሆነ፣ ጊት ላይ አቻው ፌች ነው።

ከፌች በኋላ የወረደውን መመልከት ኢንተርኔት አይፈልግም። በእኛ ብራንችና በ«ኦሪጂን/ሜይን» መካከል ያሉትን ኮሚቶች በ«ጊት ሎግ» መዘርዘር፣ የተለወጡትን መስመሮች በ«ጊት ዲፍ» ማየት፣ አንድ ፋይል ብቻ ነጥሎ መመርመር ይቻላል። ጠዋት መብራት ሲኖር ፌች ያደረገ ሰው ቀኑን ሙሉ በላፕቶፑ ባትሪ የባልደረቦቹን ሥራ ሲያነብ፣ ሲመዝንና ከራሱ ሥራ ጋር ሲያዋሕድ መዋል ይችላል። ለጅማ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ አመቺ ነገር ማሰብ ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አለመግባባት የሚፈጠርበት ነጥብ አለ። «ጊት ስታተስ» ብራንቻችን ከሰርቨሩ እኩል መሆኑን ወይም በዚህን ያህል ኮሚት ወደኋላ መቅረቱን ሲናገር ሰርቨሩን ጠይቆ አይደለም፤ የመጨረሻው ፌች ከመዘገበው በመነሣት ነው። የመጨረሻው ፌች ከሳምንት በፊት ከነበረ፣ «እኩል ነህ» የሚለው መልስ የሳምንት ዕድሜ ያለው መልስ ነው። ጊት ይህን መልስ የመጨረሻው ፌች ከተደረገበት ቀን ጋር አብሮ ቢያሳይ ስንት ክርክር በቀረ ነበር።

የዳታ ፍጆታውን በተመለከተ ፌች ቆጣቢ ነው። ጊት በመጀመሪያ ከሰርቨሩ ጋር ይደራደራል፤ በእኛ ዘንድ የትኞቹ ኮሚቶች እንዳሉ ይናገራል፣ ሰርቨሩም የጎደለውን ብቻ አሰባስቦ፣ በተቻለ መጠን ከቀድሞው ይዘት ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ አጭቆ ይልካል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ መደበኛ በሆነው ሁለተኛው የመነጋገሪያ ፕሮቶኮል ደግሞ ሰርቨሩ ያሉትን ብራንቾችና ታጎች በሙሉ በቅድሚያ ለመዘርዘር አይገደድም፤ ይህ ብራንች በበዛባቸው ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ልዩነቱ የሚሰማ ነው። ጽሑፍ ብቻ በሆነ ኮድ ላይ የየዕለቱ ፌች ከሞባይል ፓኬጅ ላይ የሚወስደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምስልና ቪዲዮ በሪፖዚተሪ ውስጥ የሚያስቀምጥ ቡድን ግን ይህን ጥቅም ያጣል፤ የታጨቀ ምስል ትንሽ ሲለወጥ ልዩነቱን አሳንሶ መላክ ስለማይቻል ሙሉው እንደገና ይወርዳል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ። ትልቅ ፌች ወይም የመጀመሪያው ክሎን (ሪፖዚተሪውን በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውረድ) በሚካሄድበት ጊዜ ተርሚናሉ ላይ «ሪሲቪንግ ኦብጀክትስ» የሚል መስመር ከመቶኛው፣ ከወረደው መጠንና ከፍጥነቱ ጋር እየተቀያየረ ይታያል። መስመሩ 83 በመቶ ላይ ሳለ መብራት ሄዶ ራውተሩ ቢጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ «ኧርሊ ኢኦኤፍ» የሚል የስሕተት መልእክት ይወጣል፤ መስመሩ ሲመለስ ትእዛዙን ደግመን ብንሰጥ ማውረዱ ከዜሮ ይጀምራል። ወርዶ የነበረው 83 በመቶ ምንም አይጠቅምም፤ የተከፈለበት ፓኬጅም አብሮ ሄዷል። ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ ያለ ነው፦ ሰርቨሩ የሚልከው ጥቅል አስቀድሞ የተቀመጠ ፋይል ሳይሆን በድርድሩ መሠረት በዚያው ቅጽበት የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ጊዜ ባይት በባይት አንድ ዓይነት እንደሚሆን ዋስትና የለም፤ ስለዚህ «ከዚህ ቀጥል» ማለት ቀላል አይደለም። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ይህን ያህል ዕድሜ ያለው፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት መሣሪያ መስመሩ ለሚቆራረጥበት ሰው እስከ ዛሬ አብሮት የተወለደ መፍትሔ አለማቅረቡን ማለፍ አልችልም። በዚያ ላይ የተቋረጠው ግማሽ ጥቅል በጊት ማኅደር ውስጥ እንደ ጊዜያዊ ፋይል ተቀምጦ ዲስክ ሊይዝ ይችላል፤ «ጊት ካውንት ኦብጀክትስ» በዝርዝር ሲጠየቅ እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል፣ የጽዳት ትእዛዙም ዕድሜው ሲገፋ ያስወግደዋል።

ይህን ጉድለት ለማለፍ የምንመክረው የመጀመሪያው መንገድ ታሪኩን በቁራሽ ማውረድ ነው። ክሎን ሲደረግ «ዴፕዝ» የተባለውን አማራጭ በ1 መስጠት የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ «ዲፕን» በሚለው የፌች አማራጭ 50 ወይም 200 ኮሚት ወደኋላ እየጨመሩ መሄድ፣ በመጨረሻም «አንሻሎ» በሚለው ሙሉ ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዱ ዙር ሲጠናቀቅ የወረደው ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ መስመር ቢቋረጥ የሚጠፋው ያ ቁራሽ ብቻ ነው። አንድ መጠንቀቂያ አለው፦ በ«ዴፕዝ» የተጀመረ ክሎን፣ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር፣ አንድ ብራንች ብቻ እንዲከታተል ሆኖ ይዘጋጃል። በኋላ ፌች ሲደረግ የሌሎች ባልደረቦች ብራንቾች የማይመጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ «ኖ ሲንግል ብራንች» የሚለውን አማራጭ ከመጀመሪያው መጨመር ይህን ያስቀራል። የፋይል ይዘቶችን ትቶ ታሪኩን ብቻ የሚያወርደው የማጣሪያ አማራጭም አለ፤ ለፈጣን መስመር ድንቅ ነው፣ ለእኛ ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱም የቆየ ፋይል መክፈት በተፈለገ ቁጥር ወደ ሰርቨሩ ስለሚመለስ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራትን ያህል ትልቁን ጥቅም ያሳጣል።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ሲሆን እርሱም «ጊት በንድል» ነው። ጥሩ መስመር ያለው ባልደረባ የሪፖዚተሪውን ሙሉ ታሪክ ወይም ከተወሰነ ታግ ወዲህ ያለውን ብቻ በአንድ ፋይል አጭቆ ያወጣል፤ ያ ፋይል በፍላሽ ይያዛል፣ ወይም በቴሌግራም ይላካል፣ ወይም ካቆመበት መቀጠል በሚችል ማንኛውም ማውረጃ ይወርዳል። ተቀባዩ «ጊት በንድል ቬሪፋይ» በሚለው ትእዛዝ ፋይሉ የሚፈልጋቸው የቀደሙ ኮሚቶች በእርሱ ዘንድ መኖራቸውን ያረጋግጣል፤ ከዚያም ከሰርቨር እንደሚያደርገው ሁሉ ከፋይሉ ላይ ፌች ያደርጋል። የአዲስ አበባው ባልደረባችን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በአውቶቡስ ሲመጣ ፍላሽ ይዞ የሚመጣው ለዚሁ ነው፤ በቢሮ መስመር ሌሊቱን ሙሉ የሚሞከር ክሎን ከፍላሹ ላይ ወዲያው ይጠናቀቃል። ከበንድል ላይ ክሎን ከተደረገ በኋላ የሪሞቱን (ፌች የሚያነጋግረውን የሩቅ ሪፖዚተሪ) አድራሻ ወደ ጊትሃብ መቀየር በቂ ነው፤ ቀጣዩ ፌች የሚያወርደው በንድሉ ከተዘጋጀ ወዲህ የተጨመረውን ብቻ ነው። የፋይሉን ስም በቀጥታ ለፌች መስጠት ግን የወረደውን «ፌች ሄድ» በተባለው ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ በሚቀጥለው ፌች ይደመሰሳል፤ ፋይሉን እንደ ሪሞት መመዝገብ የተሻለ ነው። የደንበኛ ሚስጥር ያለበትን ኮድ በቴሌግራም መላክ ተገቢ አለመሆኑንም መናገር ይገባኛል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍላሹ ይሻላል።

በዚሁ መንፈስ፣ ፌች የሚያነጋግረው ሰርቨር የግድ ኢንተርኔት ላይ መሆን እንደሌለበት ብዙዎች አያስተውሉም። በአንድ ቢሮ ውስጥ ኢንተርኔት ጠፍቶ ዋይፋዩ ከሠራ፣ የባልደረባን ላፕቶፕ በኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን ጋር በተመሰጠረ መንገድ መገናኛ) በኩል እንደ ሁለተኛ ሪሞት መዝግቦ ሥራውን በቀጥታ ከእርሱ ማውረድ ይቻላል። መስመሩ ሲመለስ አንዱ ሰው ብቻ ወደ ጊትሃብ ፑሽ ያደርጋል (ሥራውን ይልካል)። ከውጭ ጋር ለመገናኘትም ቢሆን፣ አንዳንድ ኔትወርኮች የኤስኤስኤችን 22 ቁጥር ፖርት (የመገናኛ በር) ስለሚዘጉ፣ ጊትሃብ በ443 ፖርት የሚቀበልበትን አድራሻ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ አስቀድሞ ማስገባት ጠቃሚ ነው።

ቀሪዎቹ ጉዳዮች አጫጭር ናቸው። በሰርቨሩ ላይ የተሰረዙ ብራንቾች በእኛ ማሽን ላይ በራሳቸው አይጠፉም፤ «ፕሩን» የሚለውን አማራጭ መስጠት ወይም በማዋቀሪያው ላይ ቋሚ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ይህ ከመጀመሪያው መደበኛ ቢሆን በወደድኩ። የፌች መልእክቶችና መመሪያው በብዙ ቋንቋዎች ቢገኙም በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የሉም፤ ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ የሚመጡ ተማሪዎች ትእዛዙን ከመረዳት ይልቅ መልእክቱን በመፍታት ላይ የሚደክሙት በዚህ ነው፤ ስለዚህ የምልክቶቹን ትርጉም በአማርኛ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ዋጋን በተመለከተ ጊት ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ የሚከፈል ነገር የለም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አደገኛ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም በጀርባ የሚካሄድ ፌች ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለው የኮድ አርታኢ፣ ተጠቃሚው ከፈቀደለት፣ በየ3 ደቂቃው ራሱ ፌች ያደርጋል። ከፓኬጁ ላይ ከሚወስደው ይልቅ የሚያሳስበኝ ከ«ፎርስ ዊዝ ሊዝ» ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ችግር ነው። ይህ የፑሽ አማራጭ የብራንችን ታሪክ አስገድዶ ከመቀየሩ በፊት፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮሚት በመጨረሻው ፌች የተመዘገበው መሆኑን ያረጋግጣል፤ ዓላማው ባልደረባ በመካከሉ የጨመረውን ሥራ ሳናይ እንዳንደመስስ ነው። አርታኢው በጀርባ ፌች ካደረገ ግን የባልደረባው አዲስ ኮሚት እኛ ሳናየው በማሽናችን ላይ ተመዝግቧል፤ ማረጋገጫውም ያልፋል፣ ሥራውም ይደመሰሳል። በ2020 መጨረሻ የተጨመረው «ፎርስ ኢፍ ኢንክሉድስ» የተባለው አማራጭ፣ የወረደው ኮሚት በእርግጥ በራሳችን ብራንች ላይ ተካትቶ እንደነበር ስለሚፈትሽ፣ ከ«ፎርስ ዊዝ ሊዝ» ጋር አብሮ ካልተሰጠ በስተቀር በጀርባ የሚካሄደውን ፌች ማጥፋት ይገባል። እኛ ሁለቱንም አድርገናል፤ ፌች የምናደርገው በእጃችን፣ የሚመጣውን ለማንበብ በተዘጋጀንበት ሰዓት ነው።